አማቴን በፎቶ የገደልኩ ጊዜ

አማቴን የገደልኳት በፎቶ ነው።

አትደንግጡ። ይህን ስጽፍ እሷ ሳሎን ተቀምጣ "ሻዩ ስኳር የለውም" እያለች ትጮኻለች። ግን ከለንደን እስከ ቦረማ ያለው ዘመድ አዝማድ አልቅሶላታል፣ ዱዓ አድርጎላታል፣ አንዳንዱም ቀብር አመለጠኝ ብሎ እስከ ዛሬ ተቀይሞኛል። ገዳዩ እኔ ነኝ፤ መሣሪያው ካሜራ ነው። እንዲያውም ሁለት ካሜራ። አንደኛው አቆሰላት፣ ሁለተኛው ጨረሳት።

እኔ ድሬዳዋ ያደግሁ፣ ሀርጌሳ የምሠራ ሰው ነኝ። ሥራዬ "ሎጂስቲክስ ኦፊሰር" ይባላል። በአማርኛ ሲፈታ መጋዘን ውስጥ የስኳር ጆንያ የሚቆጥር ማለት ነው። ባለቤቴ ሂቦም የድሬ ልጅ ናት። ኮድቡር ሰፈር በተከራየናት ቤት ሶማሊኛ ለሰላምታና ለእንግዳ ነው፤ አማርኛ ግን ለጠብ፣ ጎረቤት እንዳይሰማን። ስለዚህ ከዓመት ዓመት አማርኛችን እየጎለበተ ሄዷል። ደግሞ አማቴን "አንቺ" እያልኩ ሳዋራት ብትሰሙ ስድ አደግ አትበሉኝ። የድሬ ሰው አንቱታ አይበረክትለትም፤ ሙቀቱ ያቀልጠዋል።

ወንድ ልጅ ወደ አርባው ሲጠጋ አንድ ነገር ይለክፈዋል። አንዱን ፖለቲካ፣ አንዱን ሁለተኛ ሚስት፣ አንዱን የጨጓራ በሽታ። እኔን የለከፈኝ ካሜራ ነው። ያውም ተራ ካሜራ እንዳይመስላችሁ፤ ሚረርለስ የሚሉት። ለወራት ኢንተርኔት ላይ ካሜራ የሚያወዳድሩ ሰዎችን ስመለከት ከረምኩ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንዲት ድመት በሁለቱም አንስቶ፣ የድመቷን ጢም አጉልቶ፣ "እዩት! በስተግራ ያለው ጢም ይበልጥ ጢም ነው" ማለት ነው። እኔም አፌን ከፍቼ "እውነትም ጢም ነው!" እላለሁ። ድመት የለኝም። ድመት የማሳደግ ሐሳብም የለኝም። ግን ያ ጥራት እቤቴ ካልገባ ኑሮዬ ጎደሎ እንደሆነ አመንኩ።

በመጨረሻ ከዱባይ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ነጋዴ አመጣልኝ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ለሂቦም አልነገርኳት።

"ስልክህ ፎቶ አያነሳም እንዴ?" አለችኝ ሳጥኑን ስከፍት።

"ስልክማ ስልክ ነው። ይሄ ሚረርለስ ነው።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"የድሮዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ውስጣቸው መስታወት ነበረው። ይሄኛው መስታወት የለውም።"

ሳጥኑን ገልብጣ እንደገና አየችው። "ታዲያ ጎደሎ መሆኑን እያወቅህ ተቀበልከው?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራዬን "ጣውንቴ" ትላት ጀመር። "ጣውንቴን ከአልጋው ላይ አንሳልኝ፣ ልተኛበት" ትላለች። እውነት ለመናገር ብዙም አልተሳሳተችም። የሀርጌሳ አቧራ ለሰው ዓይን የማያዝን ለሌንስ አያዝንምና፣ ካሜራዋን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በጃኬቴ ሸሽጌ፣ ባጃጅ ላይ በጉልበቴ ታቅፌ ነበር የምዞረው። ለሂቦ እንደዚያ ሳደርግላት ያየ ሰው የለም።

ሂቦም የራሷ ካሜራ አላት። ተማሪ ሳለች የገዛቻት፣ ሳሙና የምታህል፣ ስስ፣ ብርማ ዲጂታል። በዘመኗ ሠርግ አይቀራትም ነበር፤ አሁን ግን መሳቢያ ውስጥ ከመርፌና ከክር ጋር ጡረታ ወጥታለች። እኔ ደግሞ እንደ ኢንተርኔቶቹ ሰዎች የማወዳድረው ካሜራ አማረኝ። ጀግና ያለ ጠላት ምኑን ጀገነ? ስለዚህ ሳሙናዋን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ቻርጀሯ ስለጠፋ፣ ዋሄን ገበያ ወረድኩ።

የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ካሜራዋን ተቀብሎ አገላበጣትና የጎረቤት ሱቁን ባለቤት ጠራው። እሱም ሌላ ጠራ። ሦስቱም እንደ ሐኪም ከበው ቆሙ።

"ከየት ቆፍረህ አወጣሃት?" አለኝ የመጀመሪያው።

"የባለቤቴ ናት።"

"ባለቤትህ ስንት ዓመቷ ነው?" አለ ሦስተኛው፤ በቅን ልቦና።

የማንኛውንም ባትሪ የሚሞላ፣ ሁለት ሽቦ ያለው ነገር ከአንድ ካርቶን ሥር አገኙልኝ። እቤት ወስጄ ሞላኋት። ስትበራ እንደ ጫጩት ጮኸችና የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ ቀን ሙላ፣ ወር ሙላ፣ ዓመት ሙላ። ማን ጊዜ አለው? እሺ፣ እሺ፣ እሺ ብዬ አለፍኳት። ይቺን "እሺ" ያዙልኝ፤ በኋላ ሰው ትገድላለች።

ለውድድሩ የጎረቤታችን ፍየል ተመረጠች፤ ጊዜም ነበራት፣ ክፍያም አልጠየቀችም። በሁለቱም አነሳኋት። በሚረርለሷ የፍየሏ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይታያል፤ በአፍንጫዋ ላይ ያረፈችው ዝንብ ሳትቀር ክንፏ ያብረቀርቃል። በሳሙናዋ የተነሳው ላይ ደግሞ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ፍየልም ትራስም ሊሆን የሚችል ነገር ፈገግ ብሏል። ውጤቱን እንደ ዳኛ ቆሜ አወጅሁ። ሂቦ ሁለቱንም አየችና ወደ ትራሱ ጠቆመች።

"ፍየሏ ያማረባት በዚች ነው።"

"ማማርና ጥራት ይለያያል እኮ ሂቦ።"

"ለፍየሏ አይለያይም" አለችና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ይህን ቃል እዚያው ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ አማቴ ባልሞተች።

አማቴ ሀዋ ትባላለች። እኛ ሆዮ ሀዋ እንላታለን፤ ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። በየዓመቱ ከድሬዳዋ እየመጣች ልጇን ትጠይቃለች፣ እኔንም ትመረምራለች። ሆዮ ሀዋ በመልኳ የማትደራደር ሴት ናት። ኩሏን ሳትኳል በር አትከፍትም፣ ሻሿ ከቀሚሷ ካልተስማማ ለእሳት አደጋም አትወጣም። በዚህ ዓመት የመጣችው በጅግጅጋ በኩል፣ ግማሹን መንገድ ከአንዲት የምታስመልስ ተጓዥ ጎን ተቀምጣ ነበር። ከታክሲው የወረደችው ቀትር ላይ ነው። አቧራው ቅንድቧ ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሻሿ ዞሯል።

እኔ በሩ ላይ ካሜራዬን ደግኜ ጠበቅኋት።

"ቆይ አቦ! ልታጠብ፣ ልልበስ!" አለች እጇን ዘርግታ።

"አይ ሆዮ፣ ተፈጥሯዊው ነው የሚያምረው!"

የሀርጌሳ የቀትር ፀሐይ ከአናት ትወርዳለች፤ ሽብሽብ ካገኘች ጥላ ሳታስገባበት አታልፍም። ካሜራዬ ደግሞ ዓይኗን ፈልጎ አገኘና ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ቀጭ! እሷ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ እኔ ፎቶውን አጉልቼ ተመለከትኩ። ምን ልበላችሁ! የድመት ጢም ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ የሰው ልጅ ሙሉ ታሪክ አለ። የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ አማቴ ፊት ላይ ተመዝግቧል። ደስታዬ ልክ አጣ። ለእሷ ሳላሳያት በቀጥታ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። ሥሩም ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ሆዮ ሀዋ። ምንም ያልተነካካ፣ ትክክለኛ መልኳ።"

ግሩፑ ዝም አለ። የእኛ ግሩፕ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሃያ ሰው "አልሐምዱሊላህ" የሚጽፍበት ግሩፕ ነው፤ ዝም ብሎ አያውቅም። ቆይቶ አንዱ "አላህ ያሽራት" ብሎ ጻፈ። ሌላዋ "መቼ ጀመራት?" አለች። ሌላው ደግሞ "አብሽሩ፣ ሁሉም ከእሱ ነው" አለ። እኔ ስለ ጥራቱ አንድ ቃል የሚናገር እስኪመጣ እጠብቅ ነበር።

ሆዮ ሀዋ ታጥባ፣ ኩሏን ተኳኩላ ወጣችና ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ይቺ ማናት?"

"አንቺ ነሽ ሆዮ።"

"እናቴ ናት አትለኝም? ለነገሩ እናቴም ስትቀበር እንዲህ አልሆነችም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎረቤት ሳይቀር ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ስድቡን አማርኛው አልበቃውም፣ ወደ ሶማሊኛ ተሻገረ። ውስጡ መስታወት የለውም ያልኩት ዕቃ ራሱ መስታወት ሆኖ ነው ያረፈው፤ አማቴ ደግሞ ሳትዘጋጅ መስታወት ፊት ቆማ አታውቅም። እስከ ማግሥቱ ጠዋት ተሰደብኩ። ጠዋት ላይ ድምጿ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ለንደን ያለችው የአጎቷ ልጅ ኑራ የደወለችውም ልክ ያን ሰዓት ነው።

"ሀዋዬ፣ ምን አገኘሽ?"

"አልታመምኩም" አለች ሆዮ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ በሚመስል ሻካራ ድምፅ።

ኑራ ድምጿን ስትሰማ ስልኩ ላይ ተነፋረቀች። "እሺ፣ እሺ፣ አትናገሪ፣ አትድከሚ። ቪዲዮውን ክፈቺውና ልይሽ።"

"ፊቴን ከእንግዲህ ለማንም አላሳይም!" ብላ ዘጋችባት።

እንግዲህ ፍረዱ። ኑራ ይህን ለሌሎቹ ስታስተላልፈው ምን ብላ እንዳስተላለፈችው ከጠያቂው ብዛት ገባኝ። አንድ የሩቅ ዘመድ ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር በባጃጅ ማር ይዞ መጣ። በሩን የከፈተችለት ራሷ ሆዮ ሀዋ ናት፣ ክንዷ ድረስ የሳሙና አረፋ ሆና፤ ልብስ እያጠበች ነበር። "በሽተኛዋ በየትኛው ክፍል ናት?" አላት። እሷም በእጇ ወደ እኔ አመለከተች።

ያኔ ሂቦ ተነሳች። "በቃ፣ እኔ አነሳታለሁ" አለችና ሳሙና የምታህለውን ካሜራዋን አመጣች። እናቷን አሳመረቻት፤ ሂና በጣቷ፣ ወርቅማ ሻሽ በራሷ፣ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ምንጣፍ ላይ። ብልጭታው ቦግ አለ። እውነቱን ልናገር፤ ፎቶው ላይ ሽብሽብ የለም። አፍንጫም እንደ ልብ የለም። ግን አንዲት ወገግ ያለች፣ ገና ለመሞሸር የምትበቃ ሴት ተቀምጣለች። ሆዮ ሀዋ ካሜራዋን ሳመቻት።

"ይሄ ነው ካሜራ! ያንተ ራጅ ነው። ራጅ ደግሞ ሆስፒታል ነው የሚነሳው።"

ፎቶውን እኔው ግሩፑ ላይ ለቀቅሁትና ወደ ጆንያዎቼ ሄድኩ፤ ልቤ ቀሎኝ። ከፎቶው ግርጌ፣ በቀኝ በኩል፣ በብርቱካናማ ቀለም የተጻፈች ትንሽ ቁጥር እንዳለች አላየሁም። ያቺ "እሺ" ያልኳት ካሜራ ቀኑን ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት አድርጋ አትማዋለች።

እኔ አላየሁም። ግሩፑ ግን አየ። በየቤተሰቡ አንድ ብልህ ነኝ የሚል አይጠፋም፤ የእኛው "ቀኑን ልብ በሉት። የቆየ ፎቶ ነው። ለምን የቆየ ፎቶ ይላካል?" ብሎ ጻፈ። እስቲ አስቡት፤ ትናንት ፊቷ ገርጥቶ፣ ጠዋት ድምጿ ተዘግቶ የነበረች ሴት፣ ከሰዓት በኋላ ያማረ የድሮ ፎቶዋ ሲለጠፍ ምን ማለት ነው? በእኛ አገር የሰው ያማረ የድሮ ፎቶው የሚለጠፈው መቼ ነው?

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ሲል የመጀመሪያው ጻፈ፤ ሰው ሲሞት የሚባለው ነው። ከዚያ ዝናቡ ወረደ።

መጋዘን ውስጥ ሆኜ ሳየው የጆንያ ቆጠራውን አቋረጥኩ። "አልሞተችም!" ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መልስ መጣ፦ "እውነት ነው ወንድሜ። እንደሷ ያለ ሰው አይሞትም።" "ወላሂ በሕይወት አለች!" አልኩ። "በልባችን ውስጥ" አለ ሌላው። ለምን አልደወልክም ትሉኝ ይሆናል። ደወልኩ! የሁሉም መስመር ተይዟል፤ እርስ በርስ እየተጽናኑ ነው።

ባጃጅ ይዤ እቤት በረርኩ። ሂቦ ሳሎን ስልኩን ይዛ ተቀምጣለች፤ እናቷ ከጎኗ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

"ሀዋ የድሀ እናት ነበረች" እያለች ታነባለች ሂቦ። "ከእጇ ያልጎረሰ የለም።"

"ማነው ያለው?" አለች ሆዮ።

"አብዲ።"

"ያ ቋጣሪ! አይ፣ ለካ ልቡ ደህና ነው። ቀጥዪ።"

"ሆዮ፣ አሁኑኑ ድምፅሽን ቀድተን እንላክና እናስተባብል!" አልኳት።

"ቁጭ በል" አለችኝ። "ኑራ ገና አልጻፈችም።"

ወገኖቼ፣ ሰው የራሱን ለቅሶ መስማት ሲጀምር ማስቆም ከባድ ነው። ሴትዮዋ በየዓመቱ ሀርጌሳ ትመጣለች፤ ከእነዚህ ሁሉ አልቃሾች አንዱ እንኳ "ምሳ እኛ ዘንድ ነይ" ብሏት አያውቅም። አሁን ግን ደግነቷ፣ ቁንጅናዋ፣ ሙያዋ፣ ሁሉም በአንድ ከሰዓት ተገለጠላቸው። እሷም ልክ እንደ ሙሽራ ስጦታ አንድ በአንድ ተቀበለች። መጨረሻ ላይ ግን ድምጿ ተለወጠ።

"ዘይነብስ?" አለች።

ሂቦ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አለችው። "ምንም የለም ሆዮ።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ሆዮ ሀዋ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

ዘይነብ የሆዮ ሀዋ ታናሽ እህት ናት፤ ቦረማ ነው የምትኖረው። ከእኛ ሠርግ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። የጠባቸውም መነሻ ፎቶ ነው፤ ያውም በዚችው ሳሙና የተነሳ። አንዱ ዘመድ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሲያነሳ ዘይነብን ከዳር ቆረጣት፤ ፎቶው ላይ የቀረው አንድ ክንዷና ግማሽ ጉንጯ ነው። ሆዮ ሀዋ ያንን አሳጥባ፣ በፍሬም አስገብታ፣ ሳሎኗ ሰቀለችው። ዘይነብ አየችና "ከቤተሰቡ ቆርጠሽ ጣልሽኝ" አለች። "ይቅርታ" የምትባል አጭር ቃል ነበረች። ሆዮ ሀዋ ግን "መሐል መቆም ማን ከለከለሽ?" አለቻት። በዚያው ቀሩ።

አሁን እህቷ ሞታ እንኳ አንድ መስመር አልጻፈችም። ሆዮ ሀዋ እራቷን ሳትነካ ተነሳችና ክፍሏን ዘጋች። እኛም ማስተባበሉን ረሳነው። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራዬን ሳልወለውል አደርኩ።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ሆዮ ሀዋ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ስታራግፍ አንድ ላንድክሩዘር በራችን ላይ ቆመ። ከቦረማ ነው፤ ሌሊቱን ተጠራርተው የመጡ ናቸው። ከፊት አደር ጃማ ወረደ። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ የሟቹ የሂቦ አባት ወንድም ነው፣ ጺሙን በሂና ያቀላ ትልቅ ሰው። በሐዘን ቤት ቀና ብሎ ማየት ነውር ስለሆነ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ገባና የመጀመሪያዋን ሴት እጅ ያዘ። የተነጋገሩት በሶማሊኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ።

"አላህ ጽናቱን ይስጥሽ።"

"አሚን" አለች ሆዮ ሀዋ፤ መሞቷን ረስታው ደንግጣ። "ማን ሞተ?"

"ሀዋ።"

"የትኛዋ ሀዋ?"

"የኛዋ ሀዋ ናታ" አለና ቀና አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ከእጇ አላቀቀ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ የሚያውቀውን ሱራ ሁሉ መቅራት ጀመረ።

ከመኪናው መጨረሻ የወረደችው ሴት ግን ይህን ሁሉ አላየችም። ስታለቅስ ስለመጣች ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። እየተደነቃቀፈች መጣችና ፊት ለፊቷ ያገኘችው ትከሻ ላይ ወደቀች።

"እህቴን ሳላናግራት!" አለች። "ለአንድ ወረቀት ብዬ! እህቴን ለአንድ ወረቀት ብዬ!"

ትከሻው የሆዮ ሀዋ ነበር። ምንጣፉ ከእጇ ወደቀ። ሂቦ በሩ ላይ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ሆዮ ሀዋ እህቷን ጀርባዋን ዳበሰቻት፣ እንደገና ዳበሰቻት።

"ዘይነብ" አለቻት በዚያ በተዘጋ ድምጿ፣ "አልሞትኩም። ግን አላቋርጥሽ፤ ቀጥዪ።"

ዘይነብ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ በቡጢ ደረቷን መታቻት። "አልሞትሽም?!"

"ቅር አለሽ?"

"መንገዱን ሁሉ ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?"

ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ እያለቀሱ ተሰዳደቡ፤ እየተሰዳደቡ ገቡ። ለለቅሶው የመጣው በግ ታረደ፤ ሩዙ ተጣደ። አደር ጃማ ድምፁን ቀድቶ ግሩፑ ላይ ላከ፦ "ሀዋን በዓይኔ አይቻታለሁ። በሕይወት አለች። ሩዙ አልበሰለም ብያት እየሰደበችኝ ነው።" ይህን ሲሰሙ አንዳንዶቹ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ አብዲ ደግሞ ስለ ደግነቷ የጻፈውን አጠፋው።

ከምሳ በኋላ ዘይነብ ተነሳች። "አሁን ፎቶ እንነሳ። እኔ መሐል።"

"በየትኛው ካሜራ?" አለች ሂቦ።

ሳሙናዋ ያኔ ዘይነብን የቆረጠች ናት፤ ማን ያምናታል? ስለዚህ ሚረርለሷ ተመረጠች። ሆዮ ሀዋ እንኳ "ይሁን፣ ዛሬስ ኩሌን ተኩያለሁ" አለች። ክብሬ ተመለሰ። ሆዮ ሀዋን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፣ ዘይነብን ከኋላዋ በትክክል መሐል ላይ አቆምኩ፣ ለቀስተኛውን ከግራ ከቀኝ ደረደርኩ። የኢንተርኔቶቹ ሰዎች "የባለሙያ ፎቶ ማለት ፊት ያለው ጥርት፣ ኋላ ያለው ጭጋግ የሚልበት ነው" ሲሉ ሰምቼ ስለነበር፣ ያንን ጭጋግ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ቀጭ!

ሁሉም ስክሪኑ ላይ ተጠጉ። ሆዮ ሀዋ ከነጥፍሯ ሂና ጥርት ብላ ተቀምጣለች። ከኋላዋ፣ ልክ መሐል ላይ፣ አንድ ረጅም ጭስ ቆሟል።

"ይሄ ጭስ ምንድን ነው?" አለች ዘይነብ።

ምስሉን አጎላሁት፤ ጭሱም አብሮ ጎላ።

"ያኔ ግማሼ ነበር የጠፋው" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ሙሉ በሙሉ ጠፋሁ።"

"እኔ ግን አምሮብኛል" አለ አደር ጃማ የራሱን ጭስ እያየ።

"ወላሂ" አለች ዘይነብ ሻንጣዋን ከላንድክሩዘሩ እያስወረደች፣ "መልኬ ከእህቴ ጋር ደህና ሆኖ ሳይወጣ ከዚህ ቤት አልንቀሳቀስም!" ለቀስተኛው ወደ ቦረማ ተመለሰ፤ እሷ ቀረች።

ያን ዕለት ሂቦ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ከሳሎን የሁለቱ ሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ አንደኛዋ ስለ ልጅነታቸው ትጀምራለች፣ ሁለተኛዋ "እንደዚያ አይደለም!" ትላለች፣ ከዚያ ይስቃሉ።

"ትሰማለህ?" አለችኝ።

"እሰማለሁ።"

"እናቴ እንዲህ ስትስቅ ሰምተሃት ታውቃለህ?"

አላውቅም።

"እንግዲያው" አለች ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ "ፎቶውን እንዳታሳምረው።"

እነሆ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ሁለቱን እህትማማቾች በረንዳው ላይ አስቀምጬ አነሳለሁ። አንድ ቀን ዘይነብ ዓይኗን ጨፍናለች። አንድ ቀን የሆዮ ሀዋ አናት ተቆርጧል። አንድ ቀን የጎረቤቱ ፍየል በመካከላቸው ገብታለች። በፊት ሳልፈልግ አበላሽ የነበረውን አሁን አስቤበት አበላሻለሁ። በየምሽቱ ሁለቱም እየተፈራረቁ ይሰድቡኛል፤ በስድቡ ግን ተስማምተዋል።

ትናንት አመለጠኝ። ሆዮ ሀዋ የሆነ ነገር አንሾካሾከችላት፣ ዘይነብ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሳቀች፣ ጣቴ ሳላዘው ተጫነ። ስክሪኑን ሳየው ሁለቱም አሉ። ማንም አልተቆረጠም፣ ማንም ጭስ አልሆነም። ሽብሽቡ ሁሉ አለ፤ ሁሉም እየሳቀ ነው። ሂቦ ከኋላዬ መጥታ አየችው። እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

"እንዴት ሆነ?" አለች ሆዮ ሀዋ ከወንበሯ።

"ተበላሽቷል" አልኩ።

"ድሮስ!" አለች ዘይነብ፣ ወደ እህቷ ይበልጥ ጠጋ ብላ። "ግድ የለም፤ ነገ እንሞክራለን።"